ቱቦው ከማሸጊያው ከመውጣቱ በፊት

የእግር ደም ቅዳ ከጉልበት በታች ተዘግቶ ጣት መጥቆር ሲጀምር፣ ደሙን በሌላ መንገድ አዙረን ቁርጭምጭሚት እናደርሳለን። ባይፓስ የምንለው ይህንን ነው። ቤተሰብ ሁልጊዜ የሚያጠያይቀው ስለ ሐኪሙ እጅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ደሙ የሚያልፍበት መተላለፊያ ከምን እንደሚሠራ ነው፤ የእግሩን ዕድል በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነውና።

ምርጫው ሲጠቃለል ሁለት ነው፦ የሕመምተኛው የራሱ ደም መልስ፣ ወይም ፒቲኤፍኢ የሚባለው የፋብሪካ ቱቦ። ሌላው የፋብሪካ ቱቦ ዳክሮን ለሆድ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ግሩም ቢሆንም ወደ ባት ሲወርዱ እምብዛም አይነሣም። ፒቲኤፍኢ ከመጥበሻው ቴፍሎን ጋር አንድ ነገር ነው። ልኩ የታወቀ፣ ንጽሕናው የተጠበቀ፣ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቅ። እግሩን ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ከፍቶ ደም መልስ ከማውጣት ያድናል። የሚያዘናጋንም ይኸው ምቾቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ፍራንክ ቪትና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ንጽጽር ዛሬም ከአእምሮዬ አይጠፋም። ወደ ባት ደም ቅዳዎች ከተሠሩት ባይፓሶች ከ4 ዓመት በኋላ ክፍት ሆኖ የቆየው በደም መልስ ከተሠራው 49 በመቶ፣ በፒቲኤፍኢ ከተሠራው 12 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ሄፓሪን የተቀባ ቱቦ መጥቷል፤ ከቱቦው ታችኛው ጫፍ ላይ ቁራጭ ደም መልስ መስፋትም ተለምዷል። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የደም መልስ ውስጠኛ ገጽ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ ሕያው ሴሎች አሉት፤ ቱቦው የለውም። እግሩ ያመረቀዘ ቁስል ካለበት ደግሞ ጀርም ቱቦው ላይ ከሰፈረ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ደም መልስ ውስጥ ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ ቫልቮች አሉ። ሐኪሙ ዣን ኩንሊን በ1948 ፓሪስ ላይ ይህን እንቅፋት የተወጣው ደም መልሱን ገልብጦ በመስፋት ነው። እኔ ርቀቱ ረጅም ሲሆን ባለበት ትቼ ቫልቮቹን በመሣሪያ መቁረጥ ይቀናኛል፤ ቀጭኑ ጫፍ ከቀጭኑ ደም ቅዳ ጋር ይገጥማልና።

ትልቁ ሥራ ፍለጋው ነው። «ደም መልስ የለውም» የሚል ወረቀት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ክፍል እንደታየ ነው። ብርድ ላይ በጀርባው የተኛ ሰው ደም መልሱ ይኮማተራል። ክፍሉን አሙቄ፣ እግሩን ቁልቁል አንጠልጥዬ፣ አልትራሳውንዱን ራሴ እይዛለሁ፤ መንገዱንም በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ አሰምራለሁ። 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደስ ይለኛል። ለልብ ባይፓስ ተወስዶ ከሆነ ሌላኛውን እግር፣ ከዚያ ከባት ጀርባ ያለውን አጭሩን፣ ከዚያ ክንድን አያለሁ። ሁለት ቁራጭ ገጣጥሞ መስፋት አድካሚ ቢሆንም ከቱቦ ይሻለኛል። ለጣት እንደ ገመድ የሚጠነክረውን ክፍል ግን ቆርጬ እጥላለሁ፤ የታመመ ደም መልስ ማንንም አያድንም።

በ2022 የታተመው ቤስት-ሲኤልአይ ጥናት ሳፌነስ የሚባለው ረጅሙ የእግር ደም መልስ ጥሩ ለሆነላቸው ሕመምተኞች ባይፓስ የተዘጋውን ደም ቅዳ ከውስጥ በባሉን ከመክፈት እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ጥሩ ሳፌነስ ለሌላቸው ግን ያን ያህል ልዩነት አላገኘም። በዓመቱ የወጣው የእንግሊዞቹ ባዚል-2 ወደ ባሉን አጋደለ፤ ክርክሩ አላለቀም። እኔ የመጀመሪያው ጥናት ሰዎችን አስቀድሞ በደም መልሳቸው መለየቱን እወድለታለሁ።

ፈልጌ ካጣሁና እግሩ ሊቆረጥ ከደረሰ ቱቦውን ያለ ኀፍረት አወጣለሁ፤ ቶሎ ሊዘጋ እንደሚችልም ለሕመምተኛው አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ስኳር ካለብዎ ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ደም መልስዎን ይጠብቁ። ያበጠ የእግር ደም ሥር ይውጣ ከተባሉ፣ ሳይወጣ መታከም ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ግሉኮስ ሲተከልልዎ የክንድዎ ደም መልስ እንዲተርፍ የእጅዎን ጀርባ ያቅርቡ። ለልብ ቀዶ ሕክምና ከእግርዎ ተወስዶ ከሆነም፣ ከየትኛው እግር እንደሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።