በሲጋራ ወረቀት የወጣ እንባ

ማልቀስ ያማረው ሰው «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ያንብብ። በአማርኛ ያንብብ! እንግሊዝኛውን የጨረሰም፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ፊልም ቁጭ ብሎ ያየም፣ «ታሪኩን አውቀዋለሁ» ሳይል በአማርኛ እንደ አዲስ ይጀምረው። እኔ ፊልሙን በደረቅ ዓይን ነው ያየሁት። ልብሱ ደስ አለኝ፣ የአትላንታ ቃጠሎ አስደነቀኝ፣ በቃ። አማርኛው ግን ገጹ እስኪደበዝዝብኝ አስለቀሰኝ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩበት፤ ደግሞ አስለቀሰኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «አንብበኸዋል? አንብበሽዋል?» እያልኩ መግቢያ መውጫ አሳጥቻለሁ።

መጽሐፉን የአትላንታዋ ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመችው፤ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘችበት። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነትና የደቡቡን ውድቀት በአንዲት እልኸኛ ልጃገረድ፣ በስካርሌት ኦሃራ ሕይወት ይተርካል። ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን ነው፤ «ስውር ስፌት» በተሰኘው የግጥም መድበሉና በአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅነቱ የምናውቀው፣ በ2016 ዓ.ም. ያጣነው ነቢይ።

የት ሆኖ እንደተረጎመው ታውቃላችሁ? በደርግ ዘመን፣ ማዕከላዊ እስር ቤት ውስጥ! መጻፊያ ወረቀት ስላልነበረው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ብርማ ወረቀት እያወጣ፣ በእጁ እያቃና፣ በእሷ ላይ ጻፈ። ወደ 3,000 የሚጠጋ ብጣሽ! የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ እትም 1,037 ገጽ ነው፤ እስቲ አስሉት፣ ለአንድ ገጽ ሦስት ብጣሽ ያህል መሆኑ ነው። የሚፈታ እስረኛ ሲገኝ ጥቂቱ ተጣጥፎ ተመልሶ ፓኮ ውስጥ ይገባል፤ ሰውየው ሲጋራ የያዘ መስሎ ይዞት ይወጣል። ይህን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ነፃነቱን ገና ዛሬ ያገኘ ሰው፣ ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ፣ ለልቦለድ ብሎ፣ የአንዲት የማያውቃት አሜሪካዊት ታሪክ ኪሱ ከቶ በዘበኞቹ ፊት ያልፋል! ነቢይ ሲፈታ ደግሞ የተበተነውን ከያለበት መልቀም ነበረበት።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ሳነብ የማለቅሰው ለሁለት ነው። አንዱ እንባ በታሪኩ ውስጥ ለሚሞቱት ነው። ሌላው፣ ሞት በየሌሊቱ ስም በሚጠራበት ዘመን እስር ቤት ተቀምጦ የእነዚያን የሩቅ ሰዎች ሞት አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳይዘልል፣ በአማርኛ ላለቀሰላቸው ሰው ነው።

የጌቲስበርግ ጦርነት ማግስት ያለውን ምዕራፍ አንብቡ። ጊዜው ሐምሌ 1863 ነው። የአትላንታ ሰው ሁሉ ጋዜጣ ማተሚያው ደጃፍ ተኮልኩሎ የሟቾችን ስም ዝርዝር ይጠብቃል። ሴቶቹ ሠረገላቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጩኸት የለም። ወረቀቱ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ይመጣል፤ ስካርሌትና ሜላኒ የሜላኒን ባል የአሽሊን ስም ፍለጋ ዓይናቸው ይሯሯጣል፣ የለም፣ ተርፏል። ደስታቸውን ሳይጨርሱ አጠገባቸው ያለችው የሐኪሙ ሚስት የገዛ ልጇን ስም ታገኛለች። ሚቸል እዚህ ላይ አንድም ቃል አታበዛም። በቀይ ሽብር ዘመን የእኛ እናቶች ስንቅ ቋጥረው እስር ቤት ደጃፍ ይሰለፉ ነበር፤ አንድ ቀን ስንቁ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብሎ ይመለሳል፤ መርዶው ያ ነበር። ይህን ምዕራፍ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ከዚያ ደጃፍ ወዲያኛው በኩል ታስሮ ነበር! እንዴት ብሎ ጻፈው? እንዴት እጁ አልተንቀጠቀጠም?

ስለ ረሃቡም ልናገር። አትላንታ ልትወድቅ ስትል ስካርሌት አራስ ጭና፣ ሕፃን ታቅፋ፣ በሚነድ ከተማ መሐል ወደ አባቷ ርስት ወደ ታራ ትሸሻለች። የምትሮጠው ወደ እናቷ ነው። ስትደርስ እናቷ በዋዜማው ሞታለች፤ አባቷ አእምሮው ተነክቷል፤ ቤቱ ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ የለም። እናት ላይ ለመድረስ አንድ ቀን መዘግየት! መንገድ ላይ ሆኖ መርዶ የደረሰው፣ ከባሕር ማዶ ተሳፍሮ መጥቶ ለቀብር ያልደረሰ ሰው ይህን ምዕራፍ ብቻውን ሆኖ ያንብበው። በነጋታው ስካርሌት በተቃጠለው የጎረቤት ርስት ከአፈር ውስጥ የሚለበልብ ሥር ነቅላ ትጎርሳለች፣ ያስመልሳታል፣ መሬት ላይ ወድቃ ትቀራለች፣ ከዚያ ተነስታ ዳግመኛ ላለመራብ ትምላለች።

ያ ሥር የተነቀለበት ጓሮ የማን እንደነበር ግን ልብ በሉ። የባሪያዎቹ ጎጆ ጓሮ ነው። ስካርሌትን ያዳናት ምግብ እነሱ ለራሳቸው የተከሉት ነው፤ መጽሐፉ ይህን ጽፎት ሳያየው ያልፋል። ሚቸል ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ዘመን ታዝናለች፤ ለተገዙት ሰዎች ግን ዓይኗ ጨለማ ነው። ይህን የምለው መጽሐፉን ለማጣጣል አይደለም፤ የማፈቅረውን መጽሐፍ በሙሉ ዓይኔ ማንበብ ስለምፈልግ ነው። በፊልሙ የስካርሌትን ባሪያ ሞግዚት የማሚን ሚና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በታኅሣሥ 1939 አትላንታ ላይ በተደረገው ምርቃት በቆዳዋ ምክንያት መገኘት አልቻለችም። በተከታዩ ዓመት ኦስካር ተሸለመች፤ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ እሷ ናት። የታሪኩን ትልቁን ሐዘን የሚናገረውም የማሚ አፍ ነው።

ትልቁ ሐዘን የቦኒ ሞት ነው። የሬት በትለርና የስካርሌት ልጅ፣ የአባቷ ዓይን ብሌን፣ ድንክ ፈረሷን እንቅፋት ልታዘልል ስትል ወድቃ ትሞታለች። አያቷም እንዲሁ አጥር ሲያዘልል ነው የሞተው። ሬት ልጁን አላስቀብርም ይላል። ጨለማ ትፈራ ስለነበር ክፍሉን በብርሃን ሞልቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከሬሳዋ ጋር ይቀመጣል። ጨለማ ውስጥ አትከቱብኝም ይላል! እኛ ሬሳ ማቆየት የማንወድ፣ ቶሎ አፈር የምናለብስ ሰዎች ነን፤ የዚህ አባት ነገር አንጀታችንን የሚበላው ለዚህ ይመስለኛል። ወግ ሲፈርስ እናያለን፤ የፈረሰበትንም ምክንያት አይተን መፍረድ ያቅተናል።

ፊልሙ ይህን የማሚን ትረካ ደረጃ ላይ ያስኬደዋል። መጽሐፉ ግን ማሚን ወደ ሜላኒ ቤት በጓሮ በር ይልካታል። ያቺ ግዙፍ ሴት ድንገት አርጅታ፣ ጉልበቷ ከድቷት፣ ማድ ቤት ገብታ የጌቶቿን ቤት ጉድ ታወጣለች። ወለፈንዱ ሁሉ በእሷ አንደበት ይወጣል፦ ፈረሱን እንዴት እንደገደለው፣ ባልና ሚስቱ በሬሳዋ ፊት ምን እንደተባባሉ። በአማርኛ ስሰማት የአሜሪካ ማሚ መሆኗ ጠፋኝ፤ ልጅ አሳድጋ የሰው ቤት ሐዘን የምትሸከም የእኛው አገር ሞግዚት ሆነችብኝ። ከዚያ ሜላኒ ትመጣለች፣ በሩን ታንኳኳለች፣ ትገባለች። እኛ ውጭ እንቀራለን! ምን እንዳለችው ሚቸል አትነግረንም። በሩ ሲከፈት ሜላኒ ቡና ታዛለች፤ ቀብሩ በነጋታው ይሁን ተብሏል፤ እሱ እንዲተኛ ከሕፃኗ ጋር የምታድረው ራሷ ናት። ከዚያ በር ጀርባ የተባለውን ለማወቅ ምን አልሰጥ ነበር! አለመነገሩ ነው ያስለቀሰኝ።

ደግሞ ይህን ስሙ። ሚቸል መጽሐፉን ስትጽፍ የጀመረችው ከመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የእያንዳንዱን ምዕራፍ ረቂቅ ፖስታ ውስጥ እየከተተች ለዓመታት አስቀመጠችው፤ የአሳታሚው የማክሚላን ሰው ሃሮልድ ሌተም በ1935 አትላንታ ባይመጣ ኖሮ ማን ያውቃል። ለራሷ ትይዛቸው ከነበሩት ርዕሶች አንዱ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነበር፤ እሷ የተወችውን ርዕስ ነቢይ ሰጣት። አትላንታ ውስጥ በፖስታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሲጋራ ፓኮ፣ ሁለት ጊዜ ተቆራርጦ ሁለት ጊዜ የተገጣጠመ መጽሐፍ ሌላ የት አለ?

ርዝመቱ አያስፈራችሁ። መጀመሪያ ላይ ስካርሌት ብታናድዳችሁም ታገሷት፤ ማናደዷ የታሪኩ ጉልበት ነው። አቅሙ ያለው አሳታሚ ካለ ደግሞ በመልካም ጥራዝ ደጋግሞ ያትመው፤ ከተረፉት ብጣሾች የአንዷን ፎቶ ቢያገኝ ይጨምርበት፤ አዲሱ ትውልድ ይህ አማርኛ በምን ላይ ተጽፎ እንደደረሰው በዓይኑ ይይ። እናንተ ግን እሱን አትጠብቁ፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችም ቢሆን ፈልጉት፣ ከዘመድም ተዋሱት። ከቦኒ ሞት ስትደርሱ መጽሐፉን አታስቀምጡ። ከቦኒ እስከ ሜላኒ፣ ከሜላኒ እስከ ሬት መሄድ ድረስ ያለውን በአንድ ቁጭታ ጨርሱት፤ ያ እንባ መቆራረጥ የለበትም።