ፊክሽን ስለሚባለው ቃል

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ በእንግሊዝኛ ፊክሽን የሚባለውን ቃል ብዙዎቻችሁ «ውሸት» ብላችሁ እንደምትፈቱት እሰማለሁ። እኔም በማስተምርበት ዘመን እንዲሁ ፈትቼው ነበርና በስሕተቱ ብቻችሁን አይደላችሁም።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። ፊንጌሬ ማለት ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደምታበጅ ማበጀት፥ ቅርጽ መስጠት ነው። እንስራ የሠራችውን ሴት ዋሸች የሚላት የለም። ነገር ግን እንግሊዞች ከዚሁ ሥር ሁለት ቅጽል አውጥተዋል። ፊክሽናል የሚሉት በድርሰት ውስጥ የሚኖረውን ነው፤ ፊክቲሺየስ የሚሉት ግን ብዙውን ጊዜ እውነት መስሎ እንዲታይ የተፈጠረውን፥ ለምሳሌ አጭበርባሪ የሚሰጠውን የሐሰት ስም ነው። መዝገበ ቃላት አንዳንድ ጊዜ አንዱን በሌላው ይፈታል፤ እኔ ግን ልዩነቱ ይጠበቅ ባይ ነኝ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የዳንኤል ዴፎን ሮቢንሰን ክሩሶ አነበብሁ። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1719 ለንደን ላይ ሲታተም የዴፎ ስም አልተጻፈበትም፤ ክሩሶ ራሱ እንደ ጻፈው ተነገረ እንጂ። መቅድሙም ነገሩ እውነተኛ ታሪክ ነው፥ ፊክሽን አይታይበትም ይላል። ደሴቱ፥ ፍየሎቹ፥ በአሸዋው ላይ የታየው የእግር ዱካ ያን ያህል አምረው ተቀርጸው ሳለ ይህ ምን ያስፈልገው ነበር? እንደ እኔ ፍርድ ዴፎ የዋሸው በመቅድሙ ነው፤ በታሪኩ አልዋሸም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን በ1900 ዓ. ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። ከልብ መወለዱን በስሙ ከተናገሩ ማንን አታለሉ? ያው ስም ዛሬ የዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ነው። ስለዚህ ሰው የሐሰት ወሬ ሰምቶ «ይህስ ልብ ወለድ ነው» ሲል ይከነክነኛል፤ ለዚያ ውሸት የሚል በቂ ቃል አለን።

ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼ የዕረፍት ጊዜያቸውን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አዘዝሁ። አንድ ልጅ ከአባቱ ጋራ ገበያ መሄዱን፥ አባቱም በበቅሎ ዋጋ ሲከራከር መዋሉን ጻፈ። አባቱ ከሞተ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ዐውቅ ነበር። በቀይ ቀለም ፊክቲሺየስ ብዬ ጽፌ በጓደኞቹ ፊት መለስሁለት። ልጁ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፥ አነበበ፥ ከደነ። ከዚያ ወዲያ ከታዘዘው በላይ አንዲት መስመር ጽፎልኝ አያውቅም። ያን ወረቀት ዛሬ ባገኘው የእኔን ቃል ሰርዤ፥ አባቱ በቅሎዋን በመጨረሻ በስንት ብር እንደ ገዛት እጠይቀው ነበር።