ከበሩ ሥር ያለው ጥላ፦ ድምፅና ካሜራ በልብ አንጠልጣይ ፊልም

ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ሲጻፍ ምስጋናውን ቀድሞ የሚወስደው ሙዚቃ ነው። በርናርድ ኸርማን ለአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» (እ.ኤ.አ. 1960) የደረሰው የቫዮሊን ጩኸት እስከ ዛሬ የፍርሃት መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል። ሂችኮክ የመታጠቢያ ቤቱን ግድያ ያለ ሙዚቃ ሊያሳየው አስቦ ነበር፤ ኸርማን ሐሳቡን አስለወጠው፤ ደግም አደረገ። ጥፋቱ የተከታዮቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ፊልም ተመልካቹ የሚደነግጥበትን ቅጽበት በሙዚቃ አስቀድሞ ሲያውጅ ኖረ፤ ሃያስያንም የካሜራውንና የተራ ድምፆችን ሥራ ችላ አሉ።

ይህን የተዛባ ሚዛን ለማቃናት የጆኤልና የኢተን ኮኤን «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» (2007) ይበቃል። ሁለት ሰዓት ያህል በሚፈጀው በዚህ ፊልም ካርተር በርዌል የደረሰው ሙዚቃ 16 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያም ከፊሉ የሚሰማው መጨረሻ ላይ፣ የባለሙያዎቹ ስም ሲዘረዘር ነው።

የሆቴሉን ትዕይንት እንመልከት። ሉዌሊን ሞስ ገንዘብ በሞላው ቦርሳ ውስጥ የተደበቀውን መጠቆሚያ መሣሪያ ያገኛል፤ አሳዳጁ አንቶን ሺገር እንደደረሰበት ይገባዋል። ወደ እንግዳ መቀበያው ይደውላል። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። ጥሪው ከጆሮው ላይ ብቻ ሳይሆን ከታችኛው ፎቅም በስሱ ይሰማል፤ ተመልካቹ የእንግዳ ተቀባዩን መጨረሻ ሬሳ ሳያይ ይጠረጥራል። ሞስ መብራቱን ያጠፋል። ከኮሪደሩ ሺገር የያዘው መከታተያ ጢጥታ ይቀርባል፤ ኮቴ ይከተላል። ከበሩ ሥር በሚገባው የብርሃን መስመር ላይ የእግር ጥላ ይቆማል። ጥላው ያልፋል። ትንሽ ቆይቶ አምፖል ሲፈታ ሲጥ ይላል፤ መስመሩም ይጨልማል።

የካሜራ ባለሙያው ሮጀር ዲኪንስ የሺገርን ፊት አያሳይም፤ ከሞስ ጋር ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል። በስኪፕ ሊቭዚ የተመራው የድምፅ ሥራ ግን ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ዓይን ታስሮ ጆሮ ብቻውን ለቅኝት ተልኳል፤ ውጥረቱን የወለደው ይህ ክፍፍል ነው። ሂችኮክ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ቦምብ ተመልካቹ እንዲያውቅ፣ ገጸ ባሕርያቱ ግን እንዳያውቁ ይመክር ነበር። ኮኤኖች ሁለቱንም እኩል አላዋቂ አደረጓቸው፤ ፍርሃቱም አልቀነሰም።

ሺገር በአንድ ነዳጅ ማደያ ሳንቲም በሚወረውርበት ትዕይንትም በርዌል የሙዚቃውን ድምፅ ከማቀዝቀዣ የ60 ኸርዝ ጉርምርምታ ጋር አስማምቶታል። ሙዚቃው መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው። ይህ ትሕትና ከብዙ የኦርኬስትራ ነጎድጓድ ይበልጣል።

ያለ ማቋረጥ የሚጮህ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ዳይሬክተሩ በገዛ ምስሉ እንደማይተማመን ያሳብቃል፤ በድፍረት ስም ሊወደስም አይገባም።

«ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» በ2008ቱ የኦስካር ሥነ ሥርዓት ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ሽልማቶች ወሰደ። በሲኒማቶግራፊ፣ በድምፅ አርትዖትና በድምፅ ቅልቅል ታጭቶ ግን በሦስቱም አላሸነፈም። የሆቴሉ ትዕይንት ብቻውን ለሦስቱም ይበቃ ነበር።