ጽዋና ጦር በሁለት ገድሎች

«ገድል» የሚለው ቃል በአማርኛ ለሁለት ነገር ያገለግላል፤ የጦር ሜዳ ጀብዱም የቅዱሳን የሕይወት ታሪክም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የላስታው ንጉሥ የላሊበላ ገድል ከሆሜር ኢሊያድ ጎን ሲነበብ ይህ ሁለትነት ጎልቶ ይታያል።

በኢሊያድ አኪለስ ወዳጁ ፓትሮክለስ ሲሞትበት ሐዘኑን በበቀል ይወጣል፤ ሄክቶርን ገድሎ ሬሳውን በሠረገላ ይጎትታል። በግእዝ የተጻፈውና ዡል ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. ከፊሉን በፓሪስ ያሳተመው ገድለ ላሊበላ ግን ሐዘንን በሌላ መንገድ ይተርካል። ለላሊበላ የተዘጋጀውን መርዝ አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ይሞታል። ላሊበላም ሰይፍ አይመዝም፤ ስለ እርሱ ከሞተው ጋር ለመሞት ያንኑ ጽዋ ይጠጣል። ከሞት ተርፎ ዙፋኑን ከወንድሙ ከሐርቤ የሚረከበውም በጦር ሳይሆን በእርቅ ነው።

ይሁንና ሆሜር ደም ማፍሰስን ብቻ አወደሰ ማለት ስሕተት ይሆናል። በግጥሙ መጨረሻ፣ በ24ኛው ክፍል፣ አኪለስ ከሽማግሌው ከፕሪያም ጋር አልቅሶ የልጁን ሬሳ ይመልሳል። ላሊበላ ከተነሣበት የርኅራኄ ደረጃ አኪለስ የሚደርሰው ተሳስቶና ተጸጽቶ ነው።

የገድለ ላሊበላ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ገና ሲወለድ በንብ መንጋ ተከቦ ለንግሥና የታጨው ሰው ፈተናው ሁሉ ከውጭ ይመጣበታል እንጂ ከገዛ ልቡ ጋር ሲታገል አይታይም። ስለዚህ የላስታን ገድል ለመድረክ የሚያበቃ ጸሐፌ ተውኔት ከሆሜር መማር ያለበት የጦሩን ውሎ ሳይሆን የልብን ትግል ነው፤ ዲያቆኑ ከወደቀ በኋላ፣ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ያለችውን ያችን አጭር ሰዓት።