የአሳማ መከላከያ ጂኖች ፈጣን ለውጥ፦ የአንድ ጥናት ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ2012 በኔቸር መጽሔት የታተመው የአሳማ ጂኖም ጥናት በአንዲት ዱሮክ እንስት አሳማ ላይ የተመሠረተ ነው። ለጤና ባለሙያ ትልቁ ቁም ነገሩ በሽታን የሚከላከሉ ጂኖች በፍጥነት መለወጣቸውን ማሳየቱ ነው። ቫይረስን የሚገቱት የዓይነት 1 ኢንተርፌሮን ጂኖች በአሳማ ቢያንስ 39 ናቸው፤ ይህም በሰው ከሚገኙት እጥፍ ያህል ነው። ሌሎች 16 ደግሞ ሥራቸውን ያቆሙ ቅሪቶች ናቸው። ጂን ሲባዛ፣ ከቅጂዎቹም አንዳንዱ ሲመክን በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ በመሆኑ የጥናቱ ምርጥ ክፍል ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ድክመቱም የሚገኘው እዚያው ነው። እርስ በርስ እጅግ የሚመሳሰሉ ቅጂዎች ተቆራርጠው ተነብበው ሲገጣጠሙ አንዱ በሌላው ይዋጣል፤ አልያም አንዱ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የተሻሻለ ጂኖም በረጃጅም ንባቦች በመታገዝ የቀድሞውን ብዙ ክፍተቶችና የተዛቡ ቅደም ተከተሎች አርሟል። ስለዚህ «ቢያንስ» የምትለው ቃል ከቁጥሩ ባልተናነሰ ልትጤን ይገባል።

ከዚህ የከበደ ቅራኔም አለ። ጥናቱ አሳማን ለሰው በሽታ ምርምር አመቺ እንስሳ አድርጎ ያቀርባል፤ የራሱ ግኝት ግን ሁለቱ በመከላከያ ረገድ ምን ያህል እንደተራራቁ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 በአሜሪካ ሜሪላንድ ለሰው የተተከለው የአሳማ ልብ 10 የጂን ለውጦች ተደርገውበት ነበር። ከእነዚህም 3ቱ የሰው ፀረ እንግዳ አካላት የሚያጠቋቸውን ስኳሮች የሚሠሩ ጂኖች እንዳይሠሩ ማድረግ ነበር። ታካሚው ከ2 ወር በኋላ ሕይወቱ አልፏል። በአሳማ የተፈተነ ክትባት በሰው ላይ ምን ውጤት እንደሚኖረው የጂን ቆጠራ ብቻውን ሊመልስ አይችልም።