የኤልማይራ ዘጠኝ ነጥቦች

ግጭትን በነጥብና በቀስት የሚስለውን ግራፍ ሞዴል የምወደው ቁጥብ ስለሆነ ነው። ከተፋላሚዎቹ የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ አይጠይቅም፤ «ከዚህና ከዚያ የቱ ይሻልሃል?» ይበቃዋል። ኪልጉር፣ ሂፕልና ፋንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ይህ ዘዴ በኤልማይራ ጉዳይ ላይ ጉልበቱ ጎልቶ ይታያል።

ኤልማይራ በካናዳ ኦንታሪዮ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ1989 የከርሰ ምድር ውሃዋ ተበክሎ ተገኘ፤ ጣት የተቀሰረውም በዩኒሮያል የኬሚካል ፋብሪካ ላይ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ፋብሪካው እንዲያጸዳ አዘዘ፤ ፋብሪካው ይግባኝ አለ፤ የአካባቢው አስተዳደር ደግሞ ትእዛዙ እንዳይላላ ይወተውት ነበር።

የሦስቱ አምስት አማራጮች፣ እያንዳንዱ ይወሰዳል ወይም ይተዋል ሲባል፣ በወረቀት ላይ 32 ሁኔታዎች ይወልዳሉ፤ የማይሆኑት ሲጣሉና የሚመሳሰሉት ሲጠቃለሉ ዘጠኝ ነጥቦች ይቀራሉ። ቀስት ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚወስድ እርምጃ ነው፤ አንዳንዱ መመለሻ የለውም፦ ፋብሪካው ዘግቶ ከሄደ ሄደ። ማንም ለብቻው ቢንቀሳቀስ የማይጠቀምበት ነጥብ ይረጋል።

ይግባኙ የተንጠለጠለበት ነጥብ እንዲህ የረጋ ነበር። ሚኒስቴሩ ብቻውን ትእዛዙን ቢያላላ ይጎዳል፤ ፋብሪካው ብቻውን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ቢቀበል ይጎዳል። አብረው ቢንቀሳቀሱ ግን ሁለቱም ይጠቀማሉ። በ1991 ሁለቱ በተሻሻለ ትእዛዝ ተስማሙ፤ ደንግጦ የቀረው የአካባቢው አስተዳደር ነበር።