መቶ ከመቶ ያገኘ ሰው ቡና ማፍላት ይችላል?

ዛሬ የምንተቸው አንድ ገጽ የማይሞላ ፈተና ነው። የባርተል ኢንዴክስ ይባላል። ፍሎረንስ ማሆኒ እና ዶሮቲያ ባርተል እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት፤ ዛሬ በተለይ ስትሮክ የመታው ሰው ምን ያህል ራሱን እንደቻለ ለመለካት ይሠራበታል። መብላት፣ መልበስ፣ ገላ መታጠብ፣ ደረጃ መውጣት እያለ 10 ነገሮችን ይጠይቅና ነጥቡን ደምሮ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል።

ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፤ እንደኔ ምህንድስና የተማረ ሰው ደግሞ ቁጥር ሲያይ ደስ ይለዋል። ችግሩ ድምሩ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 80 አገኙ እንበል። አንዷ መልበስና ደረጃ መውጣት አቅቷታል፤ ሌላው ሽንትና ሰገራውን መቆጣጠር። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል። ስለዚህ ዘመዳችሁ 80 አገኘ ሲሏችሁ የጎደለው የትኛው 20 እንደሆነ ጠይቁ።

መብላትን እንይ። መመሪያው ምግብ መቆራረጥንና ቅቤ መቀባትን ያነሳል፤ የተጻፈበት አገር ገበታ ነዋ! ቀኝ እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው በግራው ከበላ ሙሉ 10 ሊያገኝ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ከአንድ ትሪ የሚቆረሰው በቀኝ እጅ ነው። ሰውየው ተሸማቆ ከማዕድ ቢቀር ፈተናው አያውቅም።

ደግነቱ ደራሲዎቹ ራሳቸው አልዋሹም፦ 100 ያገኘ ሰው ምግብ ማብሰልና ቤት ማስተዳደር ላይችል ይችላል ብለው ጽፈዋል። ይህን የሚያስታውሰው ግን ስንቱ ነው?

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሕክምና ሥራው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች «የሙያ ሕክምና» ይሉታል፤ እኔ አልወደውም፣ የቅጥር ጉዳይ ያስመስለዋል። «ኦኩፔሽን» እዚህ ጋ ቀናችንን የሚሞላው ነገር ሁሉ ነው፦ ልብስ ማጠብ፣ ፀጉር መጎንጎን፣ ኳስ መጫወት። በእኛም አገር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል።

የዚህ ሙያ ሰዎች ካናዳ ውስጥ ያዘጋጁት ሌላ መለኪያ አለ፤ በምህጻረ ቃል ሲኦፒኤም ይባላል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ታካሚው ነው። አንዲት እናት «ቡና ማፍላት» ካሉ እሱ ይመዘገባል። ምን ያህል ያስፈልግዎታል? 10። አሁን ምን ያህል ይችላሉ? 2። በዚህስ ምን ያህል ረክተዋል? 1። ከዚያ ባለሙያዋ ሲያፈሉ ቁጭ ብላ ታያለች። ጀበናው ከብዶ ከሆነ በግማሽ ይሞላል፤ በርጩማው ዝቅ ካለ ከፍ ያለ ይፈለጋል፤ ሲኒው የሚንሸራተት ከሆነ ረከቦቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይጠየቃሉ፤ 2ቱ 6 ከሆነ ለውጡ የት እንደመጣ ይታወቃል።

ይሄም እንከን አለው። መናገር ለተሳነው ሰው ያስቸግራል፤ የእኚህ እናት 6 እና የጎረቤታቸው 6ም አይወዳደሩም። ለሆስፒታል ሪፖርት አይመችም። ለእሳቸው ግን የሚመች ይመስለኛል።